«ሐሞት አለው» ሙገሳ ነው፤ «ጋል አለው» ግን ወቀሳ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ ሰዎች ጋር በሚሠራ ቢሮ የግዢ ሠራተኛ ናት። አሜሪካዊቷ አለቃዋ ስለ አንድ ዕቃ አቅራቢ ኢሜይል ጻፈችላት። ሰውየው ዕቃውን ሦስት ሳምንት አዘግይቶ፣ ግማሹንም ሳያመጣ፣ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ ሁለተኛ ኢንቮይስ ልኳል። አለቃዋ «ሂ ሃድ ዘ ጋል ቱ ሴንድ አስ አናዘር ኢንቮይስ» አለች። ጠያቂያችን «ጋል» የሚለውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለገችው። «ሐሞት» ይላል። ሐሞት ያለው ሰው በእኛ አገር ጀግና ነው። እሷም «አዎ፣ በጣም ደፋር ሰው ነው» የሚል የአድናቆት መልስ ላከች። አለቃዋ የመለሰችላት «እኔ ግን ጋሊንግ ሆኖብኛል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠያቂያችን ግራ ገብቷታል። እናቷ ባለፈው ዓመት የሐሞት ጠጠር ታክመው ነበርና የሕክምና ወረቀቱ ላይ ያው ቃል እንደነበረም ታስታውሳለች። «አንድ ቃል ነው ወይስ የተለያየ? ሰደበችው ወይስ አደነቀችው? በአማርኛስ ምን ይባላል?» ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ያሳሳተሽ ስንፍና አይደለም፤ አማርኛሽ ነው። አማርኛ በደንብ የማያውቅ ሰው እዚህ ቃል ላይ አይሰናከልም ነበር። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በትርጉም ሥራ ቆይቻለሁ፤ ስጀምር እዚያው ቦታ ላይ ወድቄያለሁ። የአንድ የትዳር ክርክር ምስክርነት ነበር የምተረጉመው። ሴትየዋ ስለ ቀድሞ ባሏ ስትናገር፣ የቤቱን ዕቃ ሸጦ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እራት ለመጠየቅ «ጋል» ነበረው ትላለች። እኔ «ሐሞት ኖሮት ተመልሶ መጣ» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበቡልኝ አዛውንት አራሚ በእርሳስ አሰመሩበትና «ልጄ፣ ይቺ ሴት ባሏን እያሞገሰችው ነው እንዴ?» አሉኝ። ያቺ የእርሳስ መስመር እስከ ዛሬ ትታየኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን ቃል እግር በእግር መከተል የጀመርኩት።

እና ቀጥታ መልሱ፦ ሰድባዋለች። እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ጋል» ማለት ዓይን አውጣነት ነው። ሰው ሊያፍርበት የሚገባውን ነገር ቅንጣት ሳያፍር ሲያደርገው የሚባል ነው። አለቃሽ ተናዳ ነበር።

ስለ አነባበቡ አንድ ነገር ልበል። ቃሉ የሚጻፈው በጂ፣ በኤ እና በድርብ ኤል ነው። ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲሉት ወደ «ጎል» ይጠጋል። በአማርኛ «ጎል» ብዬ ብጽፍ ግን ኳስ ሜዳ እንገባለን፤ ስለዚህ «ጋል» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ ሕክምና ወረቀት እንሂድ። አዎ፣ ያው ቃል ነው። ሐሞት ጉበት የሚሠራው ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት መራራ ፈሳሽ ነው፤ በተለይ ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል። የጤነኛ ሰው ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ይሠራል፤ ከጉበቱ ሥር ያለችው ትንሽ ከረጢት ደግሞ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ አጠራቅማ ትይዛለች። እናትሽ ላይ ጠጠር የሠራው እዚያች ከረጢት ውስጥ ነው። በግ ሲታረድ አይተሽ ከሆነ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ቢላዋው ወደ ጉበቱ ሲጠጋ ቤቱ ሁሉ «ሐሞቱን! ሐሞቱን ተጠንቀቅ!» ይላል። ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርረዋልና። ሆን ብለው ዱለት ላይ ጠብ የሚያደርጉ አሉ፤ እሱ የጣዕም ጉዳይ ነው።

እንግሊዝኛው «ጋል» በጣም አሮጌ ቃል ነው። ከላቲን ወይም ከፈረንሳይኛ የተዋሱት አይደለም፤ የራሳቸው የጀርመናዊ ቤተሰብ ቃል ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ጋለ» ይላሉ። ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ ሥሩ ቀለም ነው፤ ቢጫ፣ የሚያበራ ነገር። «ዬሎ» እና «ጎልድ» የሚሉት ቃላትም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ወርቅና ሐሞት ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። የግሪኩ «ኾሌ» ደግሞ የአጎት ልጅ ነው፤ ትርጉሙም ሐሞት። እሱን በየቀኑ ሳናውቀው እንጠራዋለን። ሐኪም «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ሲል የቃሉ የፊት ግማሽ ሐሞት ነው፤ ንጥረ ነገሩ መጀመሪያ የተገኘው የሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ተባለ። የሐዘን ድባቴ የሚባለው «ሜላንኮሊ»ም ቃል በቃል «ጥቁር ሐሞት» ነው።

ጥቁር ሐሞት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከጥንቶቹ ግሪኮች የሕክምና ትምህርት። ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣና በ2ኛው መቶ ዘመን በኖረው በሐኪሙ በጋሌን እጅ የተደላደለ ትምህርት ነበር። የሰው ሰውነት አራት ፈሳሾች አሉት ይላል፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞት። አንዱ ሲበዛ የሰውየው ጠባይ ይቀየራል። ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡና ግልፍተኛ፣ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ትካዜ የሚወድ። አውሮፓ ይህን ከሺህ ዓመት በላይ እንደ እውነት አስተምራለች። ትምህርቱ ዛሬ ከሕክምና ወጥቷል፤ ቃላቱ ግን አልወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እኔ በግሌ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

እንግሊዝኛና አማርኛ በዚህ ቃል ላይ ድሮ አብረው ነበሩ። ልክ እንደ እኛው «ሐሞት የለኝም» ሲሉ «ወኔ የለኝም» ማለታቸው የነበረበት ጊዜ አለ። ማስረጃው ከ1600 አካባቢ የመጣው የሼክስፒር ሐምሌት ነው። አጎቱ አባቱን ገድሎበት ዙፋኑን ይዞበታል፤ እሱ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በራሱ ላይ ይናደድና የርግብ ጉበት ነው ያለኝ፣ ግፉን የሚያመርርልኝ «ጋል» የለኝም ይላል። ይህን ወደ አማርኛ ለማምጣት ምንም መጨነቅ አያስፈልግም። ሐሞተ ቢስ ነኝ እያለ ነው። ርግብን ያመጣት በዚያ ዘመን ርግብ ሐሞት የላትም፣ ለዚህ ነው የዋህ የሆነችው ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እውነትም ርግብ የሐሞት ከረጢት የላትም፤ ጉበቷ ግን ሐሞቱን ይሠራል። ከረጢቱ ባለመኖሩ ወኔ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ፈረስ ምን ይባል ነበር? ፈረስም የሐሞት ከረጢት የለውም። የአጤ ምኒልክን አባ ዳኘውን ጨምሮ፣ ጀግኖቻችን በስሙ የተጠሩበት የጦር ፈረስ ሁሉ አልነበረውም።

እኛ እዚያው ቀረን። ሐሞተ ቢስ ፈሪ ነው። ሐሞቱ ፈሰሰ ሲባል ወኔው ከዳው ማለት ነው። ሐሞተ ኮስታራ የማይበገር ነው። ሐሞት ከግዕዝ የመጣ ቃላችን ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎችም ሓሞት ሲሉ ያው ወኔ ይገባቸዋል። ከእኛ በጣም ርቀው ያሉት ቻይናዎችም እንዲሁ ናቸው። የሐሞት ከረጢትን «ዳን» ይሉታል፤ «ትልቅ ዳን አለው» ማለት ደፋር ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንቺ «ደፋር ነው» ብለሽ የተረጎምሽው ከባዶ ተነስተሽ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው። ግማሽ ዓለም እንዳንቺ ነው የሚያስበው።

እንግሊዝኛ ግን መንገድ ቀየረ። ቃሉ ቀድሞም ሁለተኛ ጎን ነበረው፤ ምሬት። ከ1200 አካባቢ ጀምሮ «ጋል» ቂም፣ የከረረ ጥላቻ፣ የውስጥ መርዝ የሚል ትርጉም ይዞ ይገኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ይህን ጎን አጠነከረው። በስቅለቱ ጊዜ ለጌታችን የቀረበለትን የወይን ጠጅ አስቢ፤ ማቴዎስ 27፥34 በሐሞት የተደባለቀ ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው «ጋል» የሚለውን ነው። ቤተ ክርስቲያን የሄደ እንግሊዛዊ ሁሉ ይህን ቃል የሰማው ከመከራና ከምሬት ጋር ነው። እኛ ያንኑ ጥቅስ ስናነብ ኖረናል፤ ግን ሐሞታችን ጀግንነቱን ሳይለቅ ቀረ።

ከዚያ አሜሪካኖች መጡ። የዓይን አውጣነቱ ትርጉም የነሱ ነው። የእንግሊዝኛ የቃላት ታሪክ መዝገቦች የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስረጃ 1882 ላይ ያስቀምጡታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከቃሉ ዕድሜ አንፃር ትናንት ነው። ሐሞት ምሬት ከሆነ በኋላ እንዴት ዓይን አውጣነት ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ወኔውና ምሬቱ ተገናኝተው ነው። ወኔ አለው፤ ግን ወኔው ሌላውን የሚያመርር ነው። የሰውየው ድፍረት ለራሱ ጣፈጠው፣ ለተቀባዩ መረረው። አለቃሽ ያንን ኢንቮይስ ስትከፍት አፏ ላይ የተሰማት ነገር ሐሞት ነው ብትይ አትሳሳቺም።

ልብ በዪ፤ ድፍረቱ ከቃሉ አልጠፋም። ሐሞት ያለውም ጋል ያለውም ሁለቱም አይፈሩም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሐሞት ያለው ሰው የማይፈራው አደጋን ነው። ጋል ያለው ሰው የማይፈራው ሀፍረትን ነው። ይህን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይቀልሻል።

አሁን «ጋሊንግ»። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋሊንግ ማለት ዓይን አውጣ ማለት አይደለም። የሚያንገበግብ፣ የሚያበግን፣ ቆሽት የሚያሳርር ማለት ነው። ጋል ያለው እሱ ነው፤ ጋሊንግ የሚሆንብሽ አንቺ ነሽ። የመጣውም ከሌላ በር ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በዚያው ፊደል የሚጻፍ ሌላ «ጋል» አለ፤ ለእሱ እኛ አንድ ለአንድ የሚገጥም ቃል አለን። ገጣባ። አህያ ወይም በቅሎ ጭነትና ኮርቻ ሲፈትጋት ጀርባዋ ላይ የሚወጣው ቁስል። ገጠር ያደገ ሰው ገጣባ ሲባል ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ዝንቡ የማይለቀው፣ በየቀኑ ጭነቱ እንደገና እየተጫነ የሚልጠው ቁስል ነው። ይህ ቁስል ከመራራው ሐሞት ጋር አንድ ሥር አለው ወይስ ከላቲን የመጣ ነው በሚለው ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይለያያሉ። ግሡ ግን ከቁስሉ መውጣቱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መፈተግና መላጥ ነበር፣ በ1500ዎቹ ደግሞ ሰውን ማበሳጨት ሆነ። ሐምሌት ውስጥ ይህኛውም አለ። ገጣባ ያለባት ፈረስ ትወራጭ፣ የእኛ ጫንቃ ደህና ነው የሚል ሐሳብ ይናገራል፤ ጥፋተኛው በንግግሩ ይታወቅበታል፣ ንጹሕ ሰው ምን ቸገረው ለማለት። አለቃሽ «ጋሊንግ ሆኖብኛል» ስትል ገጣባዬን ነካው ማለቷ ነው።

ሦስተኛም አለ፤ ከአንቺ ጥያቄ ወጣ ይላል፣ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። አንዲት ትንሽ ተርብ መሰል ነፍሳት የባሉጥ ዛፍ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ዛፉ በዚያ ቦታ ያብጥና ክብ እንክብል ይሠራል። ያ እንክብልም «ጋል» ይባላል፤ ከላቲን «ጋላ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሌላ ቃል ነው፣ ከሐሞት ጋር አይዛመድም። አውሮፓውያን ይህን እንክብል ፈጭተው፣ ከብረት ጨውና ከግራር ሙጫ ጋር ደባልቀው ለብዙ መቶ ዓመታት ጥቁር ቀለም ሠሩበት። በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ብራና ላይ የተጻፈው በዚህ ቀለም ነው። የእኛ ደብተራዎችና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን በዋናነት ከጥላሸት ነው የሚያዘጋጁት፤ የብረት ቀለም ከጊዜ በኋላ ወረቀቱንና ብራናውን ይበላዋል፣ የጥላሸቱ ግን አይበላም። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ለዚያ ዘመን ጸሐፊዎቻችን ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ይበቃል፣ ወደ ቢሮሽ እንመለስ።

ቃሉን ስትጠቀሚ የተለመደው አቀማመጥ አለቃሽ የጻፈችው ነው፤ «ሃድ ዘ ጋል ቱ» ብሎ ግሥ ማስከተል። እንዲህ ለማድረግ ድፍረቱ ነበረው ማለት ነው። በብዙ ቁጥር አይሄድም። «ጋልስ» ካልሽ ሰውየው ብዙ ዓይነት ድፍረት አለው ሳይሆን ብዙ ገጣባ አለበት ማለት ይሆናል። ሰውየውንም «ጋል ነው» አይሉትም፤ «ጋል አለው» ነው። ከሁሉ በላይ ክብደቱን እወቂ። ቃሉ ስድብ ፊደል የለበትም፣ ቢሮ ውስጥ ይጻፋል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ግን ቁጣ አለበት። ለጓደኛሽ ስለ ሦስተኛ ሰው ትነግሪያታለሽ እንጂ ለአለቃሽ ፊት ለፊት «ጋል አለሽ» አትያትም። ፊት ለፊት ከተባለ ጠብ ነው።

ቀለል ያለውን ከፈለግሽ እንግሊዞች «ቺክ» አላቸው፤ ጉንጭ። ልጅ ለአያቱ ሲመልስ፣ ጓደኛሽ ሳትጠይቅሽ ከሳህንሽ ድንች ስትወስድ የሚባል ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈገግታ አለበት። «ነርቭ» መካከል ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንዴ ቆራጥነት ነው፣ አንዴ ዓይን አውጣነት፤ የሚለየው በድምፁ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የናስ አንገት አለው የሚሉትም አለ፤ ናስ አይቀላም፣ አያፍርም ከሚል ይመስለኛል። ደረቅ የመጽሐፍ ቋንቋ ውስጥ ከገባሽ «ኢምፑደንስ» ታገኛለሽ፤ ከላቲን ሲፈታ ሀፍረት የለሽነት ነው፣ ምንም ምስጢር የለውም። «ኤፍሮንተሪ» ግን ለእኛ ሰው ደስ ይላል። መሠረቱ የላቲኑ «ፍሮንስ» ነው፤ ግንባር። እኛም «ግንባሩን ሳያጥፍ ዋሸኝ» እንላለን። ሮማውያንና የእኛ እናቶች ሳይተዋወቁ ውሸታሙን ግንባሩ ላይ አዩት።

እስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ «ሁትስፓ»ን በየሰልፉና በየቢሮው ትሰሙታላችሁ። በዕብራይስጥ የሚያስቆጣ ዓይን አውጣነት ነው፤ ግን አንዳንዴ አድናቆት ያዘለ ነው፣ ደንቡን ጥሶ የተሳካለትን ሰው እንደማድነቅ። በዪዲሽ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ አሜሪካ ውስጥ ቤተኛ ሆኗል። ከጋል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጋል ውስጥ አድናቆት የለም። አንዲት ጠብታም የለም።

እና በአማርኛስ? መጀመሪያ «ሐሞት»ን እርሺው፤ የሰውነት ክፍሉን ካልተረጎምሽ በቀር ቦታ የለውም። ብዙ ጊዜ «ድፍረት» ይሠራል። እንዲያውም ድፍረት ልክ እንደ ነርቭ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። «ደፋር ወታደር» ሙገሳ ነው፣ እናት ዓይኗን አፍጥጣ «አንቺ ደፋር!» ስትል ግን ማንም ልጅ እንደተሞገሰ አይሰማውም። «ደፈረኝ» ሲባል ደግሞ ክብሬን ነካ ነው። ስለዚህ «ድፍረቱ!» ብለሽ ብትጮኺ ጋል ማለትሽ ነው። ቃሉን ለብቻው ወረቀት ላይ ስታስቀምጪው ግን ድምፁ ስለማይሰማ ለሙገሳ ሊወሰድ ይችላል፤ «አጉል ድፍረት» ወይም «የምን ድፍረት ነው» ብለሽ አስደግፊው።

የበለጠ የምወደው ወደ ዓይን መሄድ ነው። አማርኛ ሀፍረትን ያስቀመጠው ዓይን ላይ ነውና። የሚያፍረው ዓይን አፋር ነው፣ የማያፍረው ዓይን አውጣ ወይም ዓይነ ደረቅ። ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ የሚለውን የሚወዳደር ትርጉም እስካሁን አላገኘሁም። ያ አራሚዬ የሰጡኝ እርማት እሱ ነበር፤ «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ እራት ስጪኝ አለኝ»። ሴትየዋ እንግሊዝኛ ባትናገር ኖሮ የምትለው ይህን ነበር። ወጣቶቹ «ሼም የለውም» ይሉታል፤ ለማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ አይከፋም፣ ለፍርድ ቤት ሰነድ አይሆንም።

ትርጉም ስትሠሪ አንድ ነገር ሞክሪ። ብዙ ጊዜ «ሃድ ዘ ጋል ቱ» የሚለውን በስም መተርጎም አያስፈልግም። አማርኛ ያንን ንዴት የሚያሸክመው «ጭራሽ» ለምትባል ትንሽ ቃል ነው። «ዕቃውን አላመጣም፤ ጭራሽ ሁለተኛ ኢንቮይስ ላከልን!» ብትዪ ዓይን አውጣነት የሚል ቃል ሳይነሳ ሁሉም ገብቶታል። ጀማሪ ተርጓሚዎች ሳስተምር ከሁሉ በላይ የምለፋው በዚህ ነው። ለእንግሊዝኛው ስም የአማርኛ ስም ሲፈልጉ ዓረፍተ ነገሩ ይገትርባቸዋል፤ ንዴቱ የት እንዳለ ቢፈልጉ ግን ጭራሽ፣ ደግሞ፣ ብሎ ብሎ፣ እኮ የሚሉት ትናንሽ ቃላት በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው።

ለአለቃሽ ዛሬውኑ ጻፊላት። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። በእኛ ቋንቋ ሐሞት ማለት ጀግንነት ስለሆነ የላክሽውን ኢሜይል ገልብጬ ተረድቼው ነበር በያት፤ እንዲያውም ነገሩን ስትሰሚ ደስ የሚላት ይመስለኛል፣ ቋንቋ የሚወድ ፈረንጅ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይጠላም። ከዚያ አቅራቢው ያላመጣውን ዕቃ ዝርዝር አያይዢላትና መጨረሻ ላይ «ጋሊንግ» የሚለውን ቃል በቦታው አስቀምጪው፦ ግማሽ ዕቃ አምጥቶ ሙሉ ዋጋ መጠየቁ እኔንም አንገብግቦኛል።